ወርዶ የሚያድር ባትሪ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው መንዝ ውስጥ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ፀጉር ቤት ከፍተዋል። ባለፈው ጥቅምት የ150 ዋት ሶላር፣ ስድስት ክዳን ያለው «100 አምፔር» ባትሪ፣ ኮንትሮለር (ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር) እና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቴሌቪዥን እንዲሆን የሚቀይር) ገዝተው አስገጠሙ። እስከ ግንቦት ድረስ ቴሌቪዥኑም መብራቱም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለችግር ይሠራ ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ግን ከተከፈተ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ኢንቨርተሩ ይጮህና ይጠፋል። ግራ የገባቸው ደግሞ ኮንትሮለሩ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ባትሪው ሙሉ ነው ብሎ ማሳየቱ ነው። «በውስጡ ስንት እንዳለው በምን ልወቅ? እስከ ስንት ባወርደው አይጎዳም? አሲድ ልጨምርበት ወይስ ሁለተኛ ባትሪ ገዝቼ ልደርብበት?» ይላሉ።

አስቸኳዩን ላስቀድም። አሲድ እንዳይጨምሩ። ሁለተኛ ባትሪም አሁን አይግዙ። ከነገሩኝ ምልክት ስነሳ ባትሪዎ ሞቷል ለማለት ገና ነው፤ መጀመሪያ የሚታየኝ መራቡ ነው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጠግቦ ያደረ አይመስለኝም። ረሃቡ ምን ያህል እንደጎዳው ደግሞ ቤትዎ ሆነው መመርመር ይችላሉ።

የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ በ1859 ከሠራው ጀምሮ መሠረታዊ ጠባዩ ያው ነው። በእያንዳንዱ ክዳን ሥር አንድ ሴል አለ። በሴሉ ውስጥ ፕሌት የምንላቸው የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ዝርጎች በሰልፈሪክ አሲድና በውኃ ድብልቅ ተነክረው ይቀመጣሉ። ኤሌክትሪክ ስንወስድበት አሲዱ ከፈሳሹ እየወጣ ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት ይሆናል፤ ፈሳሹም እየቀጠነ ወደ ውኃነት ይጠጋል። ቻርጅ ስናደርገው ሰልፌቱ ይፈርስና አሲዱ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። «ባትሪው ስንት አለው?» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ «አሲዱ አሁን ያለው የት ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ ወይስ ፕሌቱ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በወረደ ባትሪ ላይ አሲድ መጨመር የሚጎዳው ለዚህ ነው። የድሮው አሲድ የትም አልሄደም፤ ፕሌቱ ላይ ተለጥፏል። አዲስ ሲጨምሩበት በሃይድሮሜትር (የፈሳሹን ክብደት በሚያሳይ መሣሪያ) ሲለካ የሞላ ይመስላል፣ ለጥቂት ቀናትም የተሻለው ይመስላል። ቻርጅ ሲያገኝ ግን የድሮው ከአዲሱ ጋር ይደመርና ከሚገባው በላይ የበረታው አሲድ ፕሌቱን ይበላዋል። ከባትሪው በእውነት የሚጎድለው ውኃው ነው፤ ቻርጁ ሲያበቃ ውኃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየተከፋፈለ በክዳኑ ቀዳዳ ይወጣል። የሚተካውም በዲስቲልድ ውኃ ብቻ ነው። የቧንቧም የምንጭም ውኃ ማዕድን ስላለበት አይሆንም። አሲድ የሚጨመረው ባትሪው ተገልብጦ ፈሳሹ ሲፈስ ብቻ ነው፤ ያንንም ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰልፌት መሠራቱ ጉዳት አይደለም፤ ባትሪ የሚሠራው በዚያ ነው። ትኩሱ ሰልፌት እንደ ዱቄት ደቃቅ ስለሆነ በሚቀጥለው ቻርጅ በቀላሉ ይፈርሳል። ሳይፈርስ ሲሰነብት ግን እንደ ቆየ ማር ነው። ማር መጀመሪያ ፈሳሽ ነው፣ ቀስ በቀስ ይረጋል፣ በኋላም ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ጠጣር ይሆናል። ሰልፌቱም እንዲሁ ደቃቆቹ ወደ ትልልቆቹ እየተጠጉ ይጠጥራል፤ የጠጠረውን ቻርጅ አያፈርሰውም። ያ የተሸፈነ የፕሌት ክፍል ከሥራ ወጣ ማለት ነው። የ100ው ባትሪ የ70፣ ከዚያም የ40 ይሆናል። ከዚህ የተነሳ እኔ ደንበኞቼን ከ«ስንት አወረድከው?» በፊት «ወርዶ ስንት ቀን ቆየ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ምሽት እስከ ሩብ ወርዶ በማግስቱ ሙሉ በሙሉ የሞላ ባትሪ ብዙ አይጎዳም። ግማሽ ላይ ሆኖ ስድስት ሳምንት የከረመው ግን ይጎዳል።

አሁን ልኬቱ። ኮንትሮለሩ ላይ የሚያዩት የባትሪ ምልክት የሚሠራው በቮልት ነው። ቮልት ደግሞ እውነቱን የሚናገረው ባትሪው ሲያርፍ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሶላሩ እየገፋ ስለሆነ ቮልቱ ወደ 13 እና 14 ይወጣል፤ ኮንትሮለሩም ያን አይቶ «ሙሉ» ይላል። ምሽት ላይ ቴሌቪዥን ሲበራ ደግሞ ሎዱ (የተሰካው ዕቃ) ስለሚጎትተው ቮልቱ ከእውነተኛው በታች ይወርዳል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ ባትሪ ከቻርጀር ነቅዬ ወዲያው ለካሁና 13.2 ሲያሳየኝ «ሞልቷል» ብዬ ለባለቤቱ አስረከብኩ። ሰውየው ሁለት ሰዓት መንገድ በአህያ ጭኖ ወሰደው፤ በማግስቱ ማታ ከነልጆቹ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ቻርጅ ሲነቀል ላዩ ላይ የሚቀረውን የውሸት ቮልት አላውቅም ነበር። ያ ሰው ፊቱ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም፤ ከዚያ ወዲህ ሳላሳርፍ የለካሁትን ቁጥር አላምንም።

እርስዎ ዘንድ ለመለካት የሚሻለው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ምንም ሳይሠራ ስላደረ ባትሪው አርፏል፣ ፀሐይም ገና ሶላሩን አላገኘችውም። ኢንቨርተሩን ከማታው ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ ቴሌቪዥን ባይበራም እሱ ራሱ ሲጠብቅ ያድራልና ይበላል። ጠዋት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሲለኩት 12.7 ገደማ ካለ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ነው፣ 12.2 ግማሽ። 12.0 ላይ ሩብ ቀርቶታል፤ 11.8 ላይ ባዶ ነው ይበሉ። በሙሉና በባዶ መካከል አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ የሚያሳይ ቴስተር ይጠቀሙ። የቴስተሩ የራሱ ባትሪ ሲደክም ከእውነቱ በላይ የሚያነብ ብዙ ነው፤ እሱን ቀይረው ይለኩ።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ስላለዎት ከቴስተር የሚበልጥ መሣሪያም አለልዎት። ሃይድሮሜትር የምንለው ባለ ተንሳፋፊ የመስታወት መምጠጫ ነው፤ የመኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ቀጥታ የፈሳሹን ክብደት ስለሚለካ አሲዱ የት እንዳለ ይነግርዎታል። የሞላ ሴል 1.265 ገደማ ያነባል፣ ግማሽ ላይ ያለ 1.190 አካባቢ፣ ባዶ የሆነ 1.120። ትልቁ ጥቅሙ ግን ስድስቱን ሴሎች ለየብቻ ማሳየቱ ነው። አምስቱ 1.250 ሆነው አንዱ 1.180 ካለ፣ ችግሩ በዚያ አንድ ሴል ውስጥ ነው። በሁለቱ ጫፍ ብቻ የሚለካ ቴስተር ይህን አይለየውም። ሌሊቱን አርፎም ከ10.6 ቮልት አካባቢ የማይወጣ ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴሉ የሞተበት ነው፤ እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚያዋጣ አንዱ ሲጎድል የሚታየው ያ ነው።

እስከ ስንት ይውረድ ላሉኝ፦ ለየቀኑ ሥራ ከግማሽ በታች አያውርዱት። ከሁሉ የሚሻለው 30 በመቶውን ብቻ መጠቀም ነው። በግርድፉ ስንገምተው ግማሹ ብቻ የሚወሰድበት ባትሪ እስከ ወለሉ ከሚጠባው ከሁለት እጥፍ በላይ ዙር (ወርዶ መሙላት) ይሠራል። ለቅሶ ቢመጣ፣ ድግስ ቢሆን፣ አንድ ሌሊት እስከ 20 በመቶ ቢወርድ ይችለዋል፤ በማግስቱ ሙሉ በሙሉ ሊሞላ የሚችል ከሆነ ብቻ። ይህን የምለው ለሶላር ተብሎ የተሠራ፣ ፕሌቱ ወፍራም ለሆነ ባትሪ ነው። የእርስዎን ሽፋኑን ይመልከቱት። «ሲሲኤ» (CCA) የሚል ምልክት ከቁጥር ጋር ካለበት የመኪና ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ስስ ስስ ፕሌቶች የተደረደሩበት ነው፤ በየቀኑ ግማሹን ቢጠቡት ዓመት አይሞላም። እንዲያ ከሆነ ከ20 በመቶ በላይ አይውሰዱበት።

ላዩ ላይ የተጻፈውም 100 አምፔር ሳይሆን 100 አምፔር-ሰዓት ነው። ትርጉሙ ለ20 ሰዓት 5 አምፔር ይሰጣል ነው። ይህን ያህል በእርጋታ ሲወስዱበት ብቻ 100 ይሆናል። 50 አምፔር ቢስቡበት ሁለት ሰዓት አይቆይም፤ አንድ ሰዓት ከትንሽ ነው። ጀርመናዊው ፖይከርት ይህን በ1897 ቀመር አውጥቶለታል። ለፀጉር ቤት ነገሩ ከባድ ነው፤ 1000 ዋት የፀጉር ማድረቂያ በኢንቨርተር ቢሰኩ ከ90 አምፔር በላይ ይጎትታል። ቶንዶስ ብቻ ይሥሩበት፤ ቶንዶስ 15 ዋት ቢሆን ነው።

አሁን የእርስዎን ሒሳብ እንሥራው። ቴሌቪዥኑ 50 ዋት ለ4 ሰዓት 200 ይሆናል። ሪሲቨሩ 60 ጨመረ። ሦስት ባለ 7 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓት 84፣ ቶንዶሱ 30። ድምሩ 374 ዋት-ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ የራሱን ድርሻ ስለሚበላ ከባትሪው የሚወጣው 440 ያህል ነው፤ ለ12 ሲካፈል 37 አምፔር-ሰዓት። ያን ለመመለስ ደግሞ 15 በመቶ ያህል ጨምረው ማስገባት አለብዎት፣ ወደ 42 መጣን። የ150 ዋት ሶላር በጥሩ ፀሐይ 8 አምፔር ያህል ይሰጣል፤ በበጋ የአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 40 ነው። ይታይዎታል? በበጋው እንኳ ያለዎት ልክ ልኩን ነበር፣ ምንም ትርፍ የለውም። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ከዚያ ግማሹን ቢያገኙ ዕድለኛ ነዎት። 42 በሚያስፈልግበት 20 እየገባ ባትሪው በአራትና በአምስት ቀን ውስጥ ወለሉን ይነካል። ከዚያ በኋላ ሙሉ ሁለት ወር የሠሩት በባትሪው ውስጥ በተቀመጠው ሳይሆን በዕለቱ በገባው ብቻ ነው። ለቴሌቪዥኑ ሁለት ሰዓት የደረሰውም ለዚህ ነው። ፍጹም ጤነኛ ባትሪ ቢሆንም ነሐሴ ላይ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም ነበር። ባትሪዎ አልሞተ ይሆናል ያልኩት ይህን ቆጥሬ ነው።

ኢንቨርተሩ ሲጮህ አጥፍቼ አዳንኩት ብለው አስበው ከሆነ፣ አብዛኞቹ የሚቆርጡት 10.5 ቮልት አካባቢ ነው። በቀላል ሎድ 10.5 ማለት ባዶ ማለት ነው። ጩኸቱ የተሠራው ባትሪውን ከጥልቅ መውረድ ለማዳን አይመስለኝም፤ ሲጮህ መሽቷል። ኮንትሮለሩም አይጠብቅልዎትም፤ ኢንቨርተሩ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለሚታሰር ኮንትሮለሩ ሊቆርጠው አይችልም። ኢንቨርተሩን በኮንትሮለሩ የሎድ መውጫ በኩል ላስር ብለው እንዳይሞክሩ፤ ትንሹ ኮንትሮለር ይቃጠላል። የምመክርዎት አንዲት ትንሽ ዲጂታል የቮልት ማሳያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንዲሰቅሉ ነው። ቴሌቪዥኑ እየሠራ ቁጥሩ 12.0 ሲደርስ ለዚያ ምሽት ይበቃል። ልጆችም በሁለት ቀን ይለምዱታል።

የመንዝን ብርድ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እዚህ ላይ ብዙ ገጣሚዎች ይሳሳታሉ። የቻርጅ ቮልት የሚተመነው ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ክዳኑ ለሚከፈት ባትሪ 14.4 አካባቢ። ባትሪው በቀዘቀዘ ቁጥር ለያንዳንዱ ዲግሪ 0.024 ቮልት ያህል መጨመር አለበት። 10 ዲግሪ ባለበት ክፍል ሲሰላ ወደ 14.8 ይጠጋል። ሙቀት የማይለካ ርካሽ ኮንትሮለር ግን 14.4 ላይ ቆሞ ሞላ ይላል፤ የመጨረሻው 10 ወይም 15 በመቶ ሁልጊዜ ይቀራል፣ ያ የቀረው ነው የሚጠጥረው። ቆላ ላይ ተቃራኒው ነው፤ አፋር ላይ 14.4 ይበዛና ውኃውን ያነጥፈዋል፣ ሙቀቱ ራሱም በየ10 ዲግሪው የባትሪውን ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ አንጻር የእርስዎ ብርድ ለባትሪ ዕድሜ ደግ ነው፤ ቻርጁን ካስተካከሉለት። ኮንትሮለርዎ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ካለው «ጄል» ላይ ተትቶ እንደሆነ ይመልከቱ። የታሸገውን ሁሉ ጄል ማለት ስለለመድን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይተዋል፤ የእርስዎ ክዳን የሚከፈት ነውና ለዚያ ዓይነት የተሠራውን ከፍ ያለ ቮልት ይምረጡለት።

እንግዲህ የሚያደርጉት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክዳኖቹን ከፍተው ፕሌቶቹ መሸፈናቸውን ይዩ። ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ብቻ ዲስቲልድ ውኃ ይጨምሩ፤ እስከ ምልክቱ የሚሞላው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ነው፣ አለዚያ ፈሳሹ ሲያብጥ ይገነፍላል። ከዚያ መብራት ወዳለበት ከተማ ይውሰዱትና በቻርጀር ያስሞሉት። ጋራዥ ሲሰጡት ሦስት ሰዓት ተቀምጦ «አለቀ» እንዳይሏችሁ። በ10 አምፔር ከባዶ የተነሳ ባትሪ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ለሰልፌቱ ደግሞ በ5 አምፔር ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት ቀን ቢቆይ እመርጣለሁ። ሰውነቱ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ያቁሙትና ይቀዝቅዝ። ሞላ የሚባለው ሃይድሮሜትሩ በየሰዓቱ ሲለካ ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር ሲሰጥ ነው።

ሌሊቱን አሳርፈው ይለኩት። ከዚያ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል በቀጥታ ያብሩበት፤ 4.6 አምፔር ያህል ይወስዳል። ለ10 ሰዓት ይብራ፣ በመካከል ቮልቱ ወደ 11.8 ከወረደ ያቁሙና ሰዓቱን ይጻፉ። 10 ሰዓት ቆይቶ፣ ጠፍቶ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት አርፎ 12.2 ካሳየ ባትሪዎ አቅሙ አለ። አራት ሰዓት ላይ ከተንገዳገደ ከግማሽ በላይ አቅሙ ሄዷል፤ ለመብራት ብቻ ይጠቀሙበት። ፈተናው እንዳለቀ በዚያው ቀን መልሰው ይሙሉት።

ሁለተኛ ባትሪ አይደርቡ ያልኩትም በዚሁ ሒሳብ ነው። የጎደለዎት የሚገባው ነው፣ ማስቀመጫው አይደለም። ማድጋ ቢጨምሩ ምንጩ አይበዛም። በዚያ ላይ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲታሰር አሮጌው ይጎትተውና ሁለቱም እኩል ያረጃሉ። በዚያ ገንዘብ ሌላ 150 ዋት ሶላር ይጨምሩ፤ ሁለቱ አብረው 16 አምፔር ስለሚሰጡ ኮንትሮለሩ 20 አምፔር የሚችል መሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ። ያ እስኪሆን ክረምት በገባ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ወደ ሁለት ሰዓት ያውርዱ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ጨርሶ ሳያበሩ ባትሪው እንዲጠግብ ይተዉለት።

ባትሪው የት እንደተቀመጠ አልነገሩኝም፤ ይህ ያሳስበኛል። ቻርጁ ሲያበቃ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። አልጋ ሥር፣ ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ፣ ወይም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አየር ወደሚያገኝበት፣ ልጆች ወደማይደርሱበት ያውጡት። ፈሳሹን ለማየት ሻማም ክብሪትም አያብሩ። መፍቻ ሲይዙ ቀለበትዎን ያውልቁ፤ መፍቻው ሁለቱን ተርሚናሎች ካገናኘ ብረቱን የሚያቀልጥ ኃይል ይወጣል። ፊውዝ ከሌለው በፖዘቲቩ ኬብል ላይ፣ ከባትሪው ቅርብ ያስገቡለት። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እያፈሰሱ ይታጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ወለል ላይ የፈሰሰውን ቤኪንግ ሶዳ ያበርደዋል።

ቻርጁን ጨርሰው ሲመለሱ የስድስቱን ሴሎች ቁጥርና አምፖሉ የቆየበትን ሰዓት ጽፈው ይላኩልኝ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍም ጨምሩበት፤ ከዚያ በኋላ ባትሪውን ይያዙት ወይስ ይቀይሩት የሚለውን በቁጥሩ እንነጋገራለን።